አንዷን ቀን ማን በላት

አሻግሬ ያንን ጨዋታ የሰማው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። አባቱ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበሩ። ከአቃቂ ጣቢያ ጀርባ፣ የሠራተኞቹ ማረፊያ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ሁለት ሰዎች ይነጋገራሉ፤ እሱ ከውጭ ግድግዳውን ተደግፎ ጥላ ላይ ቁጭ ብሏል። አንደኛው ተናዷል። «ተራዬ ትናንት አልቋል። ቁጠረው። ዛሬ ማረፊያዬ ነው» ይላል። ሌላው እየሳቀ ነው። «ፈረንጁ የለጠፈው ወረቀት ላይ አላለቀም ወንድሜ። ሄደህ እሱን ጠይቅ።»

«ታዲያ አንዷን ቀን ማን በላት?»

«እኔ እንደሆንኩ አልበላኋትም፤ ጾም ላይ ነኝ።»

ከዚያ ሳቅ ነበር። ከሳቁ በኋላ የተባለውን አያስታውሰውም። የሚስቀው አባቱ ይሁኑ ሌላ ሰው፣ እሱንም እርግጠኛ አይደለም። የቀረለት ያቺ ጥያቄ ብቻ ናት። ሃያ አራት ዓመት በፖሊስነት ሲያገለግል፣ ከሳጅንነት ወደ ኢንስፔክተርነት ሲወጣ፣ አንዳንዴ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሳለ እንኳ፣ ያለ ምክንያት ብቅ ትልና ተመልሳ ትጠፋለች።

ረቡዕ፣ ግንቦት 12 ቀን 2001 ዓ.ም. ጠዋት ግን በሐሳቡ አልነበረችም። አቃቂ በሰቃ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ያለች ሰፈር ውስጥ፣ አንድ የማስታወቂያ ጸሐፊ መሥሪያው ውስጥ ሞቶ ተገኝቶ ነበር።

ያገኘችው ሰዓዳ የምትባል ሴት ናት። ምግብ ቤት ልትከፍት ነው፤ ያዘዘችውን የቆርቆሮ ሰሌዳ ልትወስድ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጥታ በሩን ስትገፋው ተከፈተላት። አምባው በደረቱ ተደፍቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። አጠገቡ አንድ የከሰል ካውያ ወድቋል፤ አመዱና ከሰሉ ወለሉ ላይ ተበትኗል።

አምባው አርባ አራት ዓመቱ ነበር። ሚስትም ልጅም የለውም። ከእናቱ ከእማማ ፈለቀች ጋር በአባቱ ቤት ይኖራል፤ ወደ መንገድ የሚከፈተው ክፍል መሥሪያው ነው። ከአቃቂ እስከ ዲላ ባለው መንገድ ላይ የእሱ እጅ ያረፈበት ሱቅ ብዙ ነው ይባላል።

ኢንስፔክተር አሻግሬ ሬሳውን ካየ በኋላ ሰሌዳው ፊት ቆመ። «ሰዓዳ ምግብ ቤ» ይላል። የመጨረሻዋ «ት» በእርሳስ ተነድፋለች፤ ቀለም አልነካትም።

«ትናንት አይተሽው ነበር?» ሲል ሰዓዳን ጠየቃት።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳልፍ። ያኔ ‹ም› ላይ ነበር። ‹ቶሎ በል እንጂ› ብለው ‹አንዷ ፊደል ሩብ ሰዓት ትፈልጋለች፤ የቸኮልሽ እንደሆን ሻይ ቤት በዪው፣ ያጥራል› አለኝ።»

ሳጅን ዲንቄ በጣቷ ቆጠረች። «ም፣ ግ፣ ብ፣ ቤ። አራት ፊደል። አሥር ሰዓት ገደማ።»

ሐኪሙም በኋላ ከዚህ የራቀ ነገር አልተናገረም። ማክሰኞ፣ ግንቦት 11፣ አሥር ሰዓት ገደማ።

ካውያው የማን እንደሆነ ለማወቅ ግን ሐኪም አላስፈለገም። ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ግድግዳ የሚጋራው የልብስ ሰፊው የሱፍያን ነው። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ሱፍያንና አምባው ሲጨቃጨቁ የሰሙም ሦስት ሰዎች ነበሩ።

*

ሱፍያን ከስልጤ መጥቶ አቃቂ ሱቅ ከከፈተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው። ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወልቅ ነው የመጣው።

«ካውያው የኔ ነው» አለ ገና ሳይጠየቅ።

«እዚያ ማን አስገባው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ከሰሉ በነፋስ እንዲቀጣጠል ደጄ ላይ አስቀምጬው የዓስርን ሶላት ልሰግድ ሄድኩ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው። ስመለስ የለም።»

«ለማንም አልተናገርክም?»

«ካውያ ጠፋብኝ ብዬ ፖሊስ ጣቢያ ልምጣ?»

«መስጊድ ማን አየህ?»

«አላህ» አለና ቆየት ብሎ ጨመረ፤ «ለእሱ ግን መጥሪያ አትልኩም።»

«ጠቡስ?»

«የሙሽራ ቀሚስ ደጄ ላይ ሰቅያለሁ። ነጭ ነው። ከእሱ ሰሌዳ ቢጫ ቀለም ተፈናጠረበት። ‹አንተ ሰውዬ ዓይን የለህም?› አልኩት። ‹ዓይን ከሌለኝ ፊደሉን በምን እጽፋለሁ› አለኝ። ጮኽኩበት፤ አዎ። ከዚያ እሱ ራሱ ቀለም ማስለቀቂያውን አኳራጅ ይዞ መጣና አብረን አለቀቅነው። ቀሚሱ ደህና ነው። ሄደው ይዩት።»

ሄደው አዩት። ቀሚሱ ላይ ምንም የለም። ቀለም ነክቶት ለቅቆ ይሁን፣ ቀድሞውኑ ሳይነካው ቀርቶ ይሁን፣ ንጹሕ ቀሚስ ሁለቱንም አይናገርም። ጩኸቱን የሰሙት ሦስቱ ሰዎች ደግሞ እርቁን አላዩም። መስጊድ ውስጥ ሱፍያንን አይቻለሁ ያለ ሁለት ሰው ተገኘ፤ አንዱ ማክሰኞ ይሁን ሰኞ ለይቶ አያውቅም፣ ሌላው አማቹ ነው።

ፍርድ ቤት አሥራ አራት ቀን ፈቀደ፤ በኋላም ጨመረበት። ሚስቱ ዙለይኻ በማግስቱ ምሳ ይዛ መጣች፤ ከዚያ ወዲያም አንድ ቀን አልቀረችም። ሳህኑን ካስገባች በኋላ አትሄድም። ከጣቢያው አጥር ሥር፣ ድንጋይ ላይ፣ ባዶው ሳህን እስኪመለስላት ትቀመጣለች።

*

የአምባው ቀብር ሐሙስ ሆነ። አሻግሬ ጥያቄውን እስከ ሣልስቱ አቆየው። እሑድ፣ ሰው ከድንኳኑ ሲሳሳ፣ ገብቶ እማማ ፈለቀች አጠገብ ተቀመጠ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዓይናቸው ገና ጥርት ያለ ሴት ናቸው።

«እማማ፣ ማክሰኞ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ወፍጮ ቤት።»

«ሲመለሱ ግቢ ውስጥ...»

«ማንንም አላየሁም።»

«የአምባው በርስ?»

«በጓሮ በኩል ያለው ተዘግቶ ነበር። ሥራ ላይ ነው ብዬ ተውኩት። ማታም አልገባም፤ አንዳንዴ እዚያው ያድራል።»

አሻግሬ ራሱን ነቀነቀ። ማንን አዩ ብሎ ጠይቆ አልጨረሰም ነበር፤ መልሱ ቀድሞ መጣ። ልጇን ከሦስት ቀን በፊት ስለቀበረች እናት ብዙ ማሰብ አልፈለገምና አለፈው።

የአምባው ታናሽ ወንድም ቀናው የመቂ ነጋዴ ነው፤ ምስማር፣ ቀለም፣ የበር ቁልፍ ይሸጣል። ለቀስተኛውን እየተቀበለ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። የዕድሩ ድንኳን ውስጥ ያሉ አንድ ሽማግሌ ለአሻግሬ ጠጋ ብለው፣ ልጁ የአባቱ ቤት ይሸጥ እያለ እናቱን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲወተውት እንደነበር፣ አምባው ግን «እኔ ከሞትኩ በኋላ» ይል እንደነበር ነግረውታል። ከነገሩት በኋላ «እኔ አላልኩም» አሉ።

«ማክሰኞ የት ነበርክ?» አለው አሻግሬ።

«ሱቄ ነበራ። መቂ።»

«ማን ያውቃል?»

«መቂ በሙሉ።»

መቂ በሙሉ ግን አላወቀችም። ዲንቄ ሄዳ ጠይቃ ተመለሰች። «ጎረቤቶቹ ሱቁ ሲከፈት ሲዘጋ አይተናል ይላሉ። ማክሰኞ ስላቸው ‹የትኛው ማክሰኞ?› ይሉኛል። ሰው ገበያውን እንጂ ቀኑን አይቆጥርም ጋሼ።»

*

የአምባው መሥሪያ ግድግዳ ላይ አርባ ያህል ፎቶ ተለጥፎ ነበር። ሁሉም የሱቅ ፊት ነው። ሰው ያለበት ጥቂት ነው። በሩ፣ ቀለሙ፣ ሰሌዳው። በአንዳንዶቹ ጀርባ «ለአምባው፣ ከጌዲዮን» የሚል ተጽፏል።

ጌዲዮን ራሱ ሰኞ፣ ግንቦት 24 ወደ ጣቢያው መጣ። ሆዱ ገፋ ያለ የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። ቃሊቲ ካለ አንድ መጋዘን ሳሙና በአይሱዙ ጭኖ በየከተማው ለሱቆች ያከፋፍላል፤ ማክሰኞ ይወርዳል፣ ዓርብ ይመለሳል።

«አምባውን ገድለውታል አሉኝ» አለ። «አሁን ገና ነው የሰማሁት። አዲስ ያሳጠብኩትን ፎቶ ላሳየው ስሄድ።»

«ለምንድን ነው ሱቅ ፎቶ የሚያነሱት?»

«ሚስቴም ትጠይቀኛለች። ሰውን ላነሣህ ስትለው ይኮሳተራል። ሱቅ አይኮሳተርም። ደግሞ ይዩት እስቲ ይሄንን።» ፖስታውን ከፈተና አንዱን አወጣ። «‹ደህና እደሩ የሬሳ ሣጥን መሸጫ›። ሻሸመኔ መግቢያ ላይ። ይሄ ደግሞ ‹ምን ይሻላል ፀጉር ቤት›። ባለቤቱን ‹ለምን እንዲህ አልከው?› ብዬው ‹ደንበኛ ገብቶ ሲቀመጥ የሚለው እሱን ነው› አለኝ። አምባው ይሄን ሲያይ ሲስቅ ወንበር ላይ አይቀመጥም ነበር።»

ዲንቄ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። አሻግሬ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ማገላበጥ ያዘ። በእያንዳንዱ ቀኝ ጥግ በብርቱካን ቀለም ቀኑ ታትሟል። አንዱ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

ሰሌዳው የአምባው እጅ ነው፦ «ቀናው የሕንፃ መሣሪያ»። ከበሩ አንዱ ገጽ ተከፍቷል፣ ሌላው ተዘግቷል። በሩ ላይ ራሱ ቀናው ነጠላ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ጎን እያየ ቆሟል። ጥጉ ላይ፦ 11-9-2001።

«ይሄን መቼ አነሡት?»

«ያነሣሁበት ቀን ይኸው።» ጌዲዮን በጣቱ ነካው። «እኔ ቀን በጭንቅላቴ አልይዝም። መቂን በሳምንት ሁለቴ ነው የማልፋት። ስሄድ ይሁን ስመለስ ካሜራው ያውቃል።»

«ካሜራው የሚጽፈው በእኛ ነው በፈረንጅ?»

«በእኛ። እኔው ነኝ የሞላሁት። በፈረንጅ ቢሆንማ ምን ይረባኛል።»

ዘጠነኛ ወር፣ ግንቦት። አሥራ አንድ፣ ማክሰኞ። አሻግሬ ግን እንዲህ በቀላሉ አላመነም። ሌሎቹን ፎቶዎች አገላበጠና አንድ የጥምቀት ዕለት የተነሣ አገኘ፤ አንድ ሻይ ቤት ፊት ለፊት ታቦት ያጀበ ሕዝብ ሲያልፍ። ጥጉ ላይ 11-5-2001። ጥር አሥራ አንድ። ልክ ነው። ካሜራው አይዋሽም።

ቀናው ማክሰኞ መቂ ነበር ማለት ነው። አቃቂ የቀረው ሱፍያን ብቻ ነው።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ከጣቢያው ሲወጣ ዙለይኻ ከድንጋዩ ተነሣች።

«ኢንስፔክተር፣ ቃሊቲ ሊልኩት ነው ይላሉ። እውነት ነው?»

«መዝገቡ ሰኔ 5 ለዐቃቤ ሕግ ይቀርባል። ክስ ከተመሠረተ ወደ ማረሚያ ቤት ይዛወራል።»

«ሌላው አገር ሰው ቃሊቲ ወረደ ይላል» አለች። «ከእኛ ግን ወደ ላይ ነው። እንግዲህ ምሳውን ሽቅብ ተሸክሜ ልወጣ ነዋ።» ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። «ሱፍያን ካውያውን በሰው ላይ አያነሣም። ካውያውን አውቀዋለሁ፤ እሱንም አውቀዋለሁ።»

አሻግሬ ሰማዩን አየ። «በይ ግቢ፤ ሊዘንብ ነው» አላት።

*

ማክሰኞ ሰኔ 2 ነው። የሐዋርያት ጾም ሁለተኛ ቀን፤ አሻግሬ እህል አልቀመሰም። ከሦስት ቀን በኋላ መዝገቡ ስለሚወጣ የጌዲዮንን ፎቶዎች ለባለቤቱ ለመመለስ ዝርዝር ይጽፋሉ። ዲንቄ ከፎቶው ጥግ ታነብባለች፤ እሱ ወሩን በስሙ ለውጦ ይጽፋል።

«ሞጆ፣ ሻይ ቤት። ሃያ ስምንት፣ ሰባት።»

መጋቢት 28 ብሎ ጻፈ።

«አለም ጤና፣ ጫማ ቤት። ሠላሳ አንድ፣ ሰባት።»

መጋቢት 31 ብሎ ጻፈ።

«መቂ፣ ዳቦ ቤት። አራት፣ ስምንት።» ቀና ስትል ብዕሩ ቆሟል። «ጋሼ? አራት፣ ስምንት።»

«ከሱ በፊት ያለውን ድገሚልኝ።»

«ሠላሳ አንድ፣ ሰባት።» ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። «ሠላሳ አንድ ነው የሚለው። መጋቢት ሠላሳ አንድ። እኛ ሳናውቅ ለመጋቢት ማን ጨመረላት?»

አሻግሬን ያ የልጅነቱ ቆርቆሮ ግድግዳ ጀርባው ላይ ሲሞቀው ታወቀው። ተራዬ ትናንት አልቋል ያለው ሰውዬ በሠላሳኛው ቀን ወሩን ዘግቷል። የፈረንጁ ወረቀት ግን ሠላሳ አንድ ነበረው። አንዷን ቀን ማንም አልበላትም፤ ሁለት ዓይነት ወር ነበር እንጂ። ይሄን ለማወቅ አርባ ዓመት ፈጅቶበታል። ስልኩን አነሣ።

ጌዲዮን ሞጆ ነበር፤ የመኪና ጩኸት ይሰማል።

«አቶ ጌዲዮን፣ ካሜራውን መቼ ነው የሞሉት?»

«የገዛሁት ቀን። መርካቶ። ለእንቁጣጣሽ ለራሴ ስጦታ ብዬ...»

«በእንቁጣጣሽ ዕለት?»

«ጠዋት። ቀን ሙላ አለኝ፤ አንድ፣ አንድ፣ ሁለት ሺህ አንድ ብዬ ሞላሁት።»

«ከዚያ ወዲህ ነክተውታል?»

«ለምን እነካዋለሁ? ራሱ ይቆጥር የለ?»

ራሱ ቆጥሯል። አሻግሬ ስልኩን ዘግቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ የእኛና የፈረንጁ ቀን ጎን ለጎን ያለበትን የቀን መቁጠሪያ አወረደ። ጌዲዮን አንደኛ ወር ያለው መስከረም ነው፤ ካሜራው ግን ጃንዋሪ መስሎታል። ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ፣ ሦስተኛውን ማርች እያለ ቀጥሏል። የፈረንጅ ወር አንዱ ሠላሳ፣ አንዱ ሠላሳ አንድ፣ ፌብሩዋሪ ሃያ ስምንት። እርሳስ ይዞ ደመረ።

«ያቺ አጭሯ ወር የሌሎቹን ትርፍ ትከፍላለች» አላት ለዲንቄ። «ስለዚህ ጥር ላይ እኩል ናቸው። ጥምቀት ልክ የሆነው ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ካሜራው ሠላሳ አንድ ድረስ በቆጠረ ቁጥር ከእኛ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይቀራል። አምስተኛው ወር ላይ አንድ። ሰባተኛው ላይ ሁለት። ስምንተኛው ላይ ሦስት።»

«ግንቦት ዘጠነኛ ነው።»

«የካሜራው ዘጠነኛ ወር ሲገባ ሦስት ቀን ሞልቶታል። ካሜራው አሥራ አንድ ካለ፣ ያ ቀን አሥራ አራት ነው። ማክሰኞ አይደለም። ዓርብ ነው፤ ጌዲዮን ሲመለስ።»

ዲንቄ አሁንም አልረካችም። «ሌላ ማረጋገጫ ብናገኝ» አለችና ክምሩን በረበረች። ጌዲዮን ቃሊቲ፣ ከቤቱ በታች ያለ ኪዮስክ ያነሣው ፎቶ ተገኘ። ኪዮስኩ ደጅ ላይ የሰፈር ሴቶች ክብ ሠርተው ንፍሮ ይቆነጥራሉ፤ መካከላቸው እርጥብ ሣር ተጎዝጉዟል። የግንቦት ልደታ እንደሆነ ማንም ያውቃል። ግንቦት አንድ። ካሜራው ግን 29-8 ይላል። ከመጋቢት ወዲህ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ሠላሳ አንድን ቆጥሮ ሦስተኛውን ሊያጎድል ሁለት ቀን ቀርቶታል።

አሻግሬ የመቂውን ፎቶ ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ አጉሊ መነጽር ያዘበት። ከዚህ ቀደም ፊቱን ብቻ ነበር ያየው። አሁን ነጠላውን አየ። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ለዲንቄ አቀበላት።

«ጥለቱን እዪው» አላት።

*

ቀናውን ከመቂ አምጥተው ረቡዕ አምስት ሰዓት ላይ ፊቱ አስቀመጡት። ልብሱ ጥቁር ነው። አሻግሬ ፎቶውን ገፋ አደረገለት።

«መቼ ተነሣኸው?»

«ተጽፎበታልኮ። ማክሰኞ።»

«ወንድምህ የሞተ ዕለት።»

«አዎ። እኔ ያኔ ምን አውቄ።»

«ነጠላ ለብሰሃል።»

«ብርድ ነበር።»

«በግንቦት፣ መቂ።»

«ጠዋት ይበርዳል።»

«ይሁን። ጥለቱ ግን ወደ ላይ ነው፤ አንገትህ ሥር። አዘቅዝቀህ ነው የለበስከው።» አሻግሬ ድምፁን አልጨመረም። «ማክሰኞ ዕለት ማን ሞቶብህ ነበር?»

ቀናው ፎቶውን አየ። ካየው በኋላ ገልብጦ በጀርባው አስቀመጠው።

«በቀብሩ ማግስት ዓርብ ሱቅህን ቆልፈህ ልትመለስ ከለቅሶው ወጥተሃል። ከድንኳኑ ስትወጣ ያየ ሰው አለ፤ ቅዳሜ ስትመለስም። የሳሙናው ሰውዬ ያኔ አነሣህ። አሁን ፎቶው ላይ አሥራ አንድ ስታይ ማክሰኞ ነው አልክ። ካሜራው ለምን እንደሳተ አታውቅም፤ እንደሳተ ግን ከአንተ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።»

«ጠበቃ እፈልጋለሁ» አለ ቀናው። ከዚያ በኋላ ስሙን እንኳ ሲጠይቁት አልመለሰም።

ዐቃቤ ሕጉ በስልክ አጭር ነበር። «መቂ አለመኖሩ አቃቂ መኖሩን አያሳይም። ካውያው አሁንም የልብስ ሰፊው ነው። ልጁን እዚያ ግቢ ያየ ሰው አምጡልኝ፤ አለዚያ መዝገቡ ዓርብ እንዳለ ይምጣ።»

ዲንቄ ሰፈሩን እንደገና ቤት ለቤት ዞረችው። ከመንገድ ወደ አምባው መሥሪያ ማን እንደገባ ያየ የለም። ካውያውን ከሱፍያን ደጅ ሲያነሣ ያየ የለም። በጓሮ የወጣ እንደሆነ ደግሞ፣ በጓሮ በኩል ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው።

*

ሐሙስ ሰኔ 4 ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አሻግሬ ብቻውን ሄደ። እማማ ፈለቀች ቤታቸው ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሰፌድ ላይ ምስር ይለቅማሉ። ጸሎት አድርሶ የመጣ ሰው እንደሚቀመጥ ዝግ ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ምንም አልጠየቀም። እሳቸው ጠጠር ያወጣሉ፤ እሱ ያያል።

«ቀናውን አሰራችሁት አሉ» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ እማማ።»

«ሌላውስ? ልብስ ሰፊው?»

«እሱም አልተፈታም። ነገ መዝገቡ ይወጣል። የሚጨመርበት ነገር ከሌለ፣ የሱፍያን ስም ነው ያለበት።»

ጠጠር አገኙ። በሁለት ጣት ይዘው ቆዩና ወደ ግቢው ወረወሩት።

«ሚስቱ በየቀኑ በዚህ ታልፋለች። ምሳውን ይዛ። ‹እማማ፣ ደህና ዋሉ› ትለኛለች። አንድ ቀን ዘልላኝ አታውቅም። እኔ ቀና ብዬ ካየኋት ግን ወር ሊሞላ ነው።»

ሌላ እፍኝ ምስር ሰፌዱ ላይ ዘረጉ።

«ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ‹ለእግዚአብሔር ነግረሻል፣ ደግ› አሉኝ። ‹ለሰውዬው ሚስትስ?› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ልሄድ ብነሣም እግሬ አልታዘዝ አለኝ።»

«ምን ነገሯቸው?»

ሰፌዱን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «ዱቄቱን ተሸክሜ በጓሮ ስገባ በርሜሉ ጋ ቆሞ እጁን ይታጠባል። ቀናው። ‹መቼ መጣህ ልጄ?› አልኩት። ‹እማዬ፣ እኔ ዛሬ አልመጣሁም› አለኝ። እንደዚያ ነው ያለኝ። ፊቴ ቆሞ። ተደባድበዋል ብዬ ነው የመሰለኝ፤ ልጆች ሆነውም ይደባደቡ ነበር። የአምባው በር ተዘግቷል። ይብረድላቸው ብዬ አልከፈትኩትም።» እጃቸው ቆመ። «ብከፍተው ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

«ሐኪሙ ወዲያው ነው የሞተው ብሏል። ወረቀቱ ላይም ተጽፏል።»

«ለማጽናናት አይደለም?»

«አይደለም እማማ። እኔ እንደዚያ አልችልበትም።»

ከግድግዳው ወዲያ የሱፍያን ሱቅ ተዘግቷል። ከዋናው መንገድ የከባድ መኪና ድምፅ ይመጣል፤ ይሄዳል።

«አንዱን ቀበርኩ» አሉ። «ሁለተኛውን ደግሞ በገዛ አፌ ላስረክብ ነው?»

አሻግሬ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረው። የሚባል ነገር ፈለገ፤ ያገኘው ሁሉ ወይ ስብከት ነበር ወይ ውሸት። «እኔ ይህን ያድርጉ ልልዎ አልመጣሁም» አለ። «ነገ ምን እንደሚሆን ልነግርዎ ነው የመጣሁት።»

«ከተናገርኩ ዳኛ ፊት ያቆሙኛል?»

«ያቆሙዎታል።»

«እሱ ባለበት?»

«እሱ ባለበት።»

ምስሩ አልቋል። የተለቀመውን ወደ ሳህን ገለበጡ፣ ሰፌዱን በእጃቸው አራገፉ፣ ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ከዚያ መቀነታቸውን አጠበቁና አሻግሬን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኑን አዩት።

«ነገ ኪዳን አድርሼ እመጣለሁ። መጻፍ አልችልም። እናንተ ጻፉት፤ አንብባችሁ አሰሙኝ፤ ያልኩት ከሆነ ጣቴን አኖርበታለሁ። ዳኛውም ሲጠራኝ እቆማለሁ፤ ልጄ እያየኝ እናገራለሁ።» ትንሽ አሰቡ። «መኪና እንዳትልክብኝ። በእግሬ እመጣለሁ።»